ከቁንጫ እስከ ቁሌት፦ ቤት ሲገቡ ልብስ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ዓመት ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የጠዋት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከአጠገቤ ያለችው ሴትዮ አየሩን ሽተት ሽተት አደረገች። «እዚህ ሕንጻ ላይ ምግብ ቤት አለ እንዴ?» አለች። ምግብ ቤት አልነበረም። የኔ ሹራብ ነበር። ማታውን ከሥራ ገብቼ፣ ልብሴን ሳልቀይር፣ ሽንኩርት አቁላልቼ ምስር ወጥ ሠርቻለሁ። ሹራቡ ቁሌቱን ሲጠጣ አምሽቶ፣ ጠዋት አብሮኝ ታክሲ ተሳፍሮ ስብሰባ ገባ።

ቤት ሲገቡ ልብስ መቀየር ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከውጭ ስለሚገባው ቆሻሻ ነው። አቧራው፣ የታክሲው ወንበር፣ የሐኪም ቤቱ አግዳሚ። እውነት ነው። ግን ምድጃውና አልጋው አንድ ክፍል ውስጥ በሚያድሩበት ቤት ነገሩ ወዲህም ወዲያም ነው። የቤት ልብስ አልጋችሁን ከመንገዱ ያድናል፤ የሥራ ልብሳችሁን ደግሞ ከድስቱ ያድናል። እኔን ልማዱን ያስያዘኝ ሁለተኛው ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ተማሪ ሆኖ «ዩኒፎርምህን አውልቅ!» ሳይባል ያደገ ማን አለ? አንዷ ዩኒፎርም ሳምንቱን ሙሉ መድረስ ነበረባት። ከዚያ በፊትም ልብስ የክትና የዘወትር ተብሎ ይለያል። ክቱ ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከሳጥን ይወጣል። እኔ የምጨምረው ሦስተኛውን ነው፦ ደጅ የማይወጣውን።

መጀመሪያ ቦታው

ብዙ ሰው «እኔ ሰነፍ ነኝ፣ አይሆንልኝም» ይላል። ጥፋቱ የስንፍና አይመስለኝም፤ የቦታ ነው። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ መጀመሪያ የምታገኙት ሶፋውን ከሆነ አበቃ። «እስቲ አንዴ አረፍ ልበል» ትላላችሁ። ስልክ ታወጣላችሁ። ጂንሱን እንደለበሳችሁ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። የቤት ልብሱ ደግሞ ከአልጋው ማዶ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ማን ይነሳል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቤት ልብሱን ከመቀመጫው በፊት ማምጣት ነው። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምኖረው። ከበሩ እስከ አልጋው አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች አምስት እርምጃ ውስጥ እንዲህ አድርጌ ከፋፈልኳት፦

ከበሩ ጀርባ መስቀያ አለ፤ የውጭ ልብስ እዚያ ብቻ ይሰቀላል። ከበሩ ሥር የጫማ ካርቶን አለ፤ መደርደሪያ መግዛት ግዴታ አይደለም። ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ፣ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ የቤት ልብሱ የሚንጠለጠልበት ሚስማር አለ። ከሥሩ ሸበጥ። ከጎኑ ለሚታጠብ ልብስ አንድ የተሰነጠቀ ሳፋ። ሁለቱን ልብሶች ጎን ለጎን እንዳትሰቅሉ፤ ከታክሲ የመጣው ጃኬት ቢጃማችሁን ተደግፎ ካደረ መቀየሩ ምን ፋይዳ አለው? አከራይ ሚስማር የማይወድ ከሆነ የወንበር መደገፊያም ያገለግላል፤ ዋናው ወንበሩ ከቦታው አለመነሳቱ ነው።

በክረምት ደግሞ ከበሩ ውጭ አሮጌ ማዳበሪያ አንጥፉ። ጭቃን እንደ ማዳበሪያ የሚይዝ ምንጣፍ አላየሁም። ሲጠግብ ተራግፎ፣ ውሃ ፈሰስ ተደርጎበት ይመለሳል።

በጋራ ግቢ የምትኖሩ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ችግር አለባችሁ። ሽንት ቤቱም ቧንቧውም ግቢው ውስጥ ነው። ግቢው ውጭ ነው ወይስ ቤት? የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ለልብስ ቤት ነው፣ ለእግር ውጭ ነው። የቤት ልብሳችሁን እንደለበሳችሁ ቧንቧ ሂዱ፤ ሸበጡ ግን ሁለት ይሁን። አንዱ ለግቢ፣ አንዱ ለውስጥ። ቀለማቸው ይለያይ፤ ካልሆነ ሳምንት ሳይሞላው ይቀላቀላሉ።

ምን ይለበስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቤት ልብስ ማለት ያረጀ፣ የተቀደደ፣ ሊጣል የነበረ ልብስ ይመስለዋል። ሁለት ነገር ይገጥመዋል።

አንደኛው ብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። ወለሉ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ ጃኬቱን የማያወልቀው ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ በርዶት ነው። ስለዚህ የቤት ልብሱ ካወለቃችሁት የባሰ የሚሞቅ መሆን አለበት። አለበለዚያ በሦስተኛው ቀን ትተዉታላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ ታላቁ ሩጫ ቲሸርት አንድ ነገር ልበል። ሩጫው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ቲሸርቱም የመሮጫ ፈቃድ ነው። በዚህ ከተማ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተሮጠበት ቲሸርት የሌለበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሳይታወጅ የከተማዋ የቤት ልብስ ሆኗል። ለበጋ ቀን ጥሩ ነው። ለሐምሌ ማታ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ከላዩ ሹራብ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሰው ነው። ገና ከመቀየራችሁ ጎረቤት በር ታንኳኳለች። «ቡና ደርሷል፣ ኑ!» ቱታው ጉልበቱ ላይ ቀዳዳ ካለው ምን ታደርጋላችሁ? ጂንሱን መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ስትመለሱ ሦስተኛ መቀየር የለም። የኔ መመዘኛ ቀላል ነው፦ በር ለመክፈትና ጎረቤት ቡና ለመጠጣት የማያሳፍር። ከዚያ በላይ ማማር አይጠበቅበትም።

ቱታ፣ ሽርጥ፣ የቤት ቀሚስ፣ ድሪያ፣ ሁሉም ይሆናል። ጥጥ ይመረጣል፤ ሙቅ ውሃ ይችላል፣ ምድጃ አጠገብም እንደ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ አይጣበቅም። ሰልባጅ ተራ ብትሄዱ ወፍራም የጥጥ ሹራብና ቱታ አታጡም፤ ግን ከመልበሳችሁ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ።

ጋቢስ? ጋቢ ከሁሉም ይበልጣል። አራት ድርብ ጥጥ ነው፣ አየሩን በየድርቡ ይዞ ያሞቃል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። የቤት ጋቢ የቤት ይሁን፤ ለቅሶ የሄዱበትን ጋቢ ለብሶ አልጋ ላይ መጠቅለል የለም። ሌላው፣ ምድጃ ስትለኩሱ አውልቁት። ጫፉ ሸርተት ብሎ እሳት ቢነካ ሳታዩት ይያዛል። ማጠቡ ደግሞ የብቻ ሥራ አይደለም። ውሃ የጠጣ ጋቢ እንደ ሕፃን ይከብዳል። እኔና እህቴ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን፣ እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እየጠመዘዝን ነው የምንጨምቀው። መሃሉ እንደ ገመድ ተቋጥሮ ውሃው ሲንዠቀዠቅ ያው ሁልጊዜ እግሬ ላይ ነው።

ስንት ያስፈልጋል? በበጋ ሁለት፣ በክረምት ሦስት። በበጋ ጠዋት የተሰጣው ከሰዓት በፊት ይደርቃል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ገመድ ላይ ያለ ቱታ ሦስት ቀን እርጥብ ሆኖ መዋል ይችላል፤ ከዚያም የሻገተ ሽታ ያመጣል።

በሩ ከተከፈተ በኋላ

አሁን ቅደም ተከተሉ። ባቡር ይዛችሁ ከስታዲየም፣ በለገሃር፣ በሜክሲኮ፣ በተግባረ ዕድ አድርጋችሁ ልደታ ወርዳችኋል እንበል። ሁለቱ መስመሮች ሐዲዱን የሚጋሩት እዚህ ላይ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት የማን ትከሻ የማን ደረት ላይ እንዳለ አይታወቅም።

ጫማ በሩ ላይ ይወልቃል። ቆማችሁ ካልቻላችሁ በርጩማ አስቀምጡ እንጂ አልጋው ጫፍ ላይ አትቀመጡ።

ቀጥሎ ቦርሳ። ልብሱን ቀይሮ ቦርሳውን አልጋ ላይ የሚጥል ሰው ይገርመኛል። ያ ቦርሳ እኮ የታክሲ ወለል ላይ ነበር! የካፌ መሬት ላይ ነበር! እሱም መስቀያ ይፈልጋል።

ከዚያ እጅ። በሳሙና፣ ሃያ ሰከንድ ያህል፣ የቤት ልብሱን ከመንካታችሁ በፊት። በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ በር ላይ እርቃናችንን ልንቀር ነበር፤ የጫማውን ሶል በአልኮል የሚረጭም ነበር። በኋላ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ መሆኑ ታወቀ። እውነቱን ለመናገር፣ ጉንፋንና ተቅማጥን በሚመለከት ከልብስ ይልቅ እጅ ነው ወንጀለኛው። ልብስ ቀይሮ እጅ ያልታጠበ ሰው ትልቁን ትቶ ትንሹን ነው የሠራው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር፣ ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ ከበሩ አጠገብ ማስቀመጥ በጣም ይረዳል።

አሁን ኪስ። ሁሉንም ኪስ አውጡ፤ የኋላውንም፣ የሸሚዙንም። የታክሲ መልስ፣ ደረሰኝ፣ ቁልፍ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ይግቡ። በተለይ ሶፍት! አንዴ ጥቁር ሱሪ ከነሶፍቱ ዘፈዘፍኩ። ሲደርቅ በረዶ የወረደበት መሰለ። ሙሉ ቅዳሜ በጣቴ ስለቅም ዋልኩ።

ከዚህ በኋላ ማውለቅ ነው። ሱሪውን ከማውለቃችሁ በፊት ቲሸርቱን፤ በተቃራኒው ቢሆንም ዓለም አይገለበጥም። ካልሲና የውስጥ ልብስ ያለ ክርክር ሳፋ ውስጥ ይገባሉ። ፊትና እግር ለቅለቅ ብታደርጉ ደስ ይላል። በአቧራ ወቅት የሚያስነጥሳችሁ ከሆነ ደግሞ አትዝለሉት፤ አቧራው ፀጉርና ቅንድብ ላይም ነው ያለው፣ ማታ ትራስ ላይ ይራገፋል። ከዚያ ሸበጥ፣ ከዚያ የቤት ልብስ። ጊዜውን በሰዓት ለክቼ አላውቅም። ሁለት ሽንኩርት ከመላጥ ግን አይበልጥም።

ንጹሕም ያልሆነ፣ ያልቆሸሸም

የሁሉም ቤት ጣጣ ይኼ ነው። አንድ ቀን የተለበሰው ጂንስ። ቁምሳጥን አይመለስም፣ ሳፋም አይገባም። መጨረሻው ወንበር ላይ ነው፤ በሳምንቱ ወንበሩ አይታይም።

ፍርዱን ማታውኑ ስጡ። ሸሚዝ ከሆነ ኮሌታውን፣ ብብቱንና የእጅጌውን ጫፍ እዩ። አንዱ ከቆሸሸ ወይም ብብቱ ከሸተተ ይታጠብ። ጂንስ አራት አምስት ቀን ይለበሳል። ኮት ደግሞ ከመታጠብ ይልቅ በብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ መናፈስ። የተረፈው ከበሩ ጀርባ ይሰቀላል። ቁጥሩ ከሦስት አይለፍ፤ አራተኛው ሲመጣ አንዱ ይታጠባል።

ቁሌቱስ? ሽንኩርት ሲቁላላ የሚነሳው እንፋሎት ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። ዘይቱ ክሩ ላይ ያርፋል፣ ሽታውን ይዞ። ሱፍና ሹራብ ደግሞ የያዙትን ሽታ ቶሎ አይለቁም። ምድጃችሁ እዚያው ክፍል ከሆነ፣ ከማቁላላታችሁ በፊት የሥራ ልብሱን በረንዳ አውጡት። መስኮቱ ተከፍቶ ቤቱ ከወጣለት በኋላ ይመለሳል። ዝናብ ከሆነ፣ ላውንደሪ የሚሰጣችሁን ረጅም ላስቲክ አትጣሉት፤ ከላይ አልብሱት። ሽቶ መርጨት ግን አይሆንም። ቁሌቱን አያጠፋውም፣ ሽቶ የተቀባ ቁሌት ያደርገዋል እንጂ።

እጥበቱ ላይ ብዙ አልጨነቅም። የውጭና የቤት ልብስ በተለያየ ሳፋ ካልታጠበ የሚሉ አሉ። ሳሙና ያየ ልብስ ንጹሕ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ሰው ተራው ይበልጥ ያሳስባል፦ መጀመሪያ ነጩ፣ በዚያው ውሃ የቤት ልብሱ፣ ከዚያ ጥቁር ሱሪው፣ ከዚያ ካልሲው፣ በመጨረሻ የበሩ ምንጣፍ። የተረፈው ውሃ ሽንት ቤት ይደፋል።

የቁንጫና የትኋን ምዕራፍ

ታክሲ ውስጥ ቁርጭምጭሚታችሁን ነክሷችኋል። ታውቁታላችሁ። ቤት ገብታችሁ ምንጣፍ ላይ እንዳታወልቁ! ሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ውሃ አድርጉ፣ ኦሞ በትኑበት፣ ከጎኑ ሊሾው ላይ ቁሙ። ሱሪውን ቀስ ብላችሁ፣ ወደ ውስጥ እየጠቀለላችሁ አውልቁና ቀጥታ ሳፋው ውስጥ ድፈቁት። ቁንጫ ንጹሕ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ይችላል፤ የሳሙና ውሃ ላይ ግን ይሰምጣል። ነጭ ካልሲ ካደረጋችሁ ፍለጋው ይቀላል፤ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በጣት ሳይሆን በእርጥብ ሳሙና ጫን በሉበት፤ ይጣበቃል።

ትኋን ሌላ ነው። አይዘልም፣ አይበርም። ሰው ላይም አይኖርም። ቦርሳ ስፌት ውስጥ፣ የልብስ እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚሳፈረው። ሳይበላ ወራት መቆየት ስለሚችል «ልብሱን አስቀምጬ በረሃብ እገድለዋለሁ» አይሠራም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ 60 ዲግሪ ውሃ ይበቃዋል። ከክፍለ ሀገር ሆቴል አድራችሁ ስትመለሱ ሻንጣውን ቤት አስገብታችሁ አልጋ ላይ አትክፈቱ። በረንዳ ወይም ሽንት ቤት ውስጥ ከፍታችሁ፣ ጥጡን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ የሻንጣውን ስፌት በባትሪ ብርሃን ፈትሹ።

ለአንዳንድ ሥራ ግን ቀልድ የለም

እስካሁን ያወራነው የምቾት ጉዳይ ነው። ጋራዥ የምትሠሩ፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ የምትፈቱ፣ የድሮ ቀለም የምትፍቁ ሰዎች ግን የሥራ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ቤት አትግቡ። የእርሳስ ብናኝ (መጻፊያው ሳይሆን ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) በልብስና በጫማ ቤት ይገባል። መሬት ላይ የሚድኸው ልጅ እጁን አፉ ይከታል። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፤ የጎዳውን አይመልሰውም። ቱታችሁን ሥራ ቦታ ቀይሩ፣ በላስቲክ ቋጥራችሁ አምጡ፣ ከቤተሰቡ ልብስ ለብቻው እጠቡ። ልጁን የምታቅፉት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪም ቤት የምትሠሩም ጋውኑን እዚያው ተዉት፤ ይኼን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እንግዳ ሲመጣ

እንግዳ ጫማ ላውልቅ ሲል የኛ ሰው ምን ይላል? «ኧረ ግባ! ምን ታወልቃለህ፣ ግድ የለም!» ይላል። ጫማ በር ላይ የሚወልቅበት ሙስሊም ጎረቤት ቤት ይኼ ጣጣ የለም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ለቀረነው ግን እንግዳን ልብስና ጫማ ማስቀየር አይታሰብም። አይገባምም።

ስለዚህ መከላከል ያለባችሁ አልጋውን ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ግን አልጋው ሶፋም ነው። እናቴ ለዚህ መፍትሔ ነበራት፤ ጠዋት አልጋው እንደተነጠፈ አልጋ ልብሱ ከላይ ይጋረዳል፣ ማታ ታጥፎ ይነሳል። ልጅ ሆኜ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። እንግዳ የሚቀመጠው አልጋ ልብሱ ላይ ነው፣ እኛ የምንተኛው አንሶላው ላይ። አልጋ ልብሱን ስታጥፉ የላዩ ፊት ወደ ውስጥ ይሁን።

አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ ደግሞ አትስበኩ። አንድ ሚስማርና አንድ ሸበጥ ጨምሩለት። ታናሽ ወንድሜ እኔ ጋ ሲያድር አንድ ቃል አልተናገርኩትም። ሞቅ ያለ ቱታ ብቻ ሰቀልኩለት። አሁን ቱታውን ይዞት ሄዷል።

ሱቅ ደርሶ መልስ

ዳቦ ሊገዛ ለአምስት ደቂቃ የሚወጣ ሰው ሁሉንም ይቀይር? አይቀይርም። በሩ ጋ አንድ የሱቅ ጃኬት ይሰቀል፤ ረዘም ያለ ቢሆን ይሻላል። የቤት ልብሱ ላይ ይደረባል፣ ሸበጡ በጫማ ይቀየራል፣ ተመልሶ ይሰቀላል። ሱቅ ውስጥ አይቀመጡ፣ ግድግዳ አይደገፉ፣ በቃ።

እኔ ይቺን ሕግ ከማውጣቴ በፊት በጋቢዬ ነበር የምወርደው። አንድ ሐሙስ ማታ ቲማቲም ልገዛ ወረድኩ። የባለሱቁ ልጅ ከላይ እስከ ታች አየኝና ቲማቲሙን መመዘኑን ትቶ ሎሚ ያነሳልኝ ጀመር።

«ጋሼ፣ ዝንጅብልም ልጨምርልዎት? ጉንፋኑ ዘንድሮ ከባድ ነው።»